የሸክላ ዋጋ ከየት መጣ?

አምሃ ሪከርድስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አሳታሚ ያወጣው አንድ ሸክላ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ የሆነው ዘፈኑ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ብርቅ ስለሆነም ነው፤ ብርቅነቱም የታሪክ ውጤት ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። የአሳታሚው ባለቤት አምሃ እሸቴ ያንን መብት ተዳፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። ማተሚያው ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ ነበር። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞች ወጡ፤ ከዚያ አምሃ ተሰደደ፣ ገበያውንም ካሴት ወረሰው። የተረፈው ብዙው ሸክላ መርፌ ሲፍቀው የኖረ በመሆኑ፣ ያልተጫረና ልባሱ ያልተቀደደ ቅጂ ሲገኝ ዋጋው ይሰቀላል።

ዜማው ግን ከሸክላው ይቀድማል። ከኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ዋና ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። በዚያው በወሎ ለመካነ ሰላምና ለቦረና ደጋ ሰው ሙዚቃ ማለት ማሲንቆና የሰርግ ቤት ዘፈን እንጂ መብራትና ማጫወቻ የሚሻ ዕቃ አልነበረም። እንግዲህ ዜማው ያለ ሸክላም ስለኖረ ሰብሳቢው የሚከፍለው ለዜማው ነው ማለት ያስቸግራል። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ብዙው ይጠፋ ነበር የሚል ሙግት ይነሣል፤ እውነትነት አለው። የሙዚቃ አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች የዚያን ዘመን ሥራዎች ለዓለም አሰምቷል። ነገር ግን ዘፈኑ በርካሽ ከተገኘ በኋላም የመጀመሪያው ሸክላ ውድ እንደሆነ ቀረ፤ ገዢው የሚሻማው በፕላስቲኩ፣ በልባሱና በአሳታሚው ምልክት ነው።