የሐጃጅ ስንቅ፦ ከበቅሎ ጭነት እስከ ሻንጣ ሚዛን

ዛሬ ስለ ሻንጣ እናወጋለን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሰውን ከጉዞው፣ አልፎም ከዒባዳው ሲያስተጓጉል አይተናል።

የወለጋ ሰው ጭነት ማሰናዳት የጀመረው በአውሮፕላን ዘመን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨው ጭነው ከጎጃሙ ባሶ ገበያ ዓባይን በመሻገር ጉዱሩ አሰንዳቦ፣ ከዚያም ሌቃ ቢሎ ይደርሱ ነበር። ሲመለሱ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይጭናሉ። የጫኝ ጥበቡ ግራና ቀኙን ማመዛዘን ነው። አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ ይዞራል፤ የበቅሎዋም ጀርባ ይገጠባል።

በዚያ ዘመን ለሐጅ የተነሳ ሰው ምፅዋ ወርዶ በጀልባ ቀይ ባሕርን ይሻገር ነበር። ማረፊያውም ያስጨንቀዋል፤ የጅማው አባ ጅፋር ለአገራቸው ሐጃጆች መካ ውስጥ ቤት ማዘጋጀታቸው ለዚህ ነው። ለወለጋ መንገደኛ ሁነኛው ስንቅ ጩኮ ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤና በቅመም ታሽቶ የሚሠራ ሲሆን ሳይበላሽ ይቆያል። ስንቅ መያዝ ደግሞ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት የየመን ሰዎች «እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን» እያሉ ያለ ስንቅ ለሐጅ ይወጡና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራ ስንቅ ያዙ የሚለው ትእዛዝ የወረደው በዚህ የተነሳ ነው።

በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። ከዚያ በኋላ ዳኮታ የሚባሉት አውሮፕላኖች በሣር ሜዳ ጭምር እያረፉ ነቀምትን፣ ደምቢዶሎንና አሶሳን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኙ። የበቅሎ ጫኙም ሕግ አብሮ መጣ፤ አውሮፕላንም ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ያስቸግራል።

ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው። የእኛ ሰው ግን ቤቱ 23 ኪሎ መዝኖ ይነሳና ከነቀምት አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ፣ ዘመድ ሁሉ «ይቺን ብቻ ለልጄ» እያለ ይጨምርለታል። አማና ከባድ ነው፤ ከኪሎውም ይከብዳል። ውስጡን ያላየኸውን ጥቅል ጅዳ ላይ «የሰው ነው» ብትል የሚሰማህ የለም። ሻንጣው ባንተ ስም ነው የተመዘገበው። ዘመድ ቢቀየምም ጥቅሉን ፊቱ ከፍቶ ማየት ይሻላል።

አንድ የጊምቢ አባት አብረውን ተጉዘው ነበር። «አባ፣ ኢሕራምዎ የት አለ?» ስንላቸው ወደ ሻንጣቸው ሊያመለክቱ ዞሩ፤ ሻንጣው ግን ተመዝኖ ሄዷል። የሰው ዕቃ ሲጨመር ኢሕራሙ ከሥር ተቀብሮ ቀርቷል። አውሮፕላኑ ጅዳ ሳያርፍ ሚቃቱን ያልፋል፤ ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ ተመልሶ ኢሕራም ካላደረገ እርድ ይኖርበታል። ሽማግሌው ላብ አጠመቃቸው። ደግነቱ አንድ ወጣት ትርፍ ኩታ ይዞ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ ኢሕራም፣ ፓስፖርትና መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ዘምዘም ሻንጣ ውስጥ መክተት አይፈቀድም፤ ጅዳ አየር ማረፊያ በታሸገ 5 ሊትር መያዣ ለብቻው ይጫናል። ጩኮው መንገድ ላይ ስለሚያልቅ የእሱ ቦታ ለተምር ይተርፋል።