የርቀት ፋይል አርትዖት

የርቀት ፋይል አርትዖት ማለት በሌላ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠን ፋይል በራስ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም (ኤዲተር) የማረም ዘዴ ነው። ዘዴው በሰርቨር አስተዳዳሪዎች፣ በድረ ገጽ ሠሪዎችና በፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደ ነው። ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ስክሪንና ኪቦርድ የላቸውም፤ የሚገኙትም በሌላ ከተማ ወይም አገር ሊሆን ይችላል።

ታሪክ

ፋይል ማስተላለፊያው ፕሮቶኮል ኤፍቲፒ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነደፈው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በኤፍቲፒ ተጠቃሚው ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ያወርዳል፣ ያርማል፣ ከዚያም መልሶ ይጭናል። መጫኑን ከረሳ እርማቱ እሱ ዘንድ ብቻ ይቀራል። በተጨማሪም ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ስለሚልክ ኔትወርኩን የሚሰልል ሰው ሊያነበው ይችላል።

በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት ከተሰረቁ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ታቱ ኢሎነን ግንኙነትን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤች ፈጠረ። በዛሬው ጊዜ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ ዘዴዎች የተመሠረቱት በኤስኤስኤች ላይ ነው።

ዓይነቶች

ዘዴዎቹ በዋናነት የሚለያዩት ኤዲተሩ በሚሠራበት ቦታ ነው።

በሰርቨሩ ላይ፦ ተጠቃሚው በኤስኤስኤች ገብቶ እንደ ቪም ወይም ናኖ ያለ ኤዲተር እዚያው ይከፍታል። ፋይሉ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሆኖም የሚጻፈው ፊደል በስክሪን ላይ የሚታየው ሰርቨሩ ደርሶ ሲመለስ ስለሆነ፣ ዘገምተኛ ኔትወርክ ሥራውን አድካሚ ያደርገዋል።

በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ፦ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሥራው በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢማክስ ኤዲተር ክፍል ትራምፕ ነው። ተጠቃሚው ከፋይሉ አድራሻ ፊት የግንኙነቱን ዓይነት፣ የተጠቃሚ ስሙንና የሰርቨሩን ስም ይጽፋል። ትራምፕ የፋይሉን ይዘት ያመጣል፤ ተጠቃሚው ሲያስቀምጥም መልሶ ይልካል። ስለዚህ ኔትወርኩን መጠበቅ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ሲከፈትና ሲቀመጥ ነው።

በሁለቱም ላይ፦ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ መስኮቱን በተጠቃሚው ኮምፒውተር፣ ቀሪውን የፕሮግራሙን ክፍል ደግሞ በሰርቨሩ ላይ ማሠራት ይችላል። ፍለጋና ሌሎች ከባድ ሥራዎች ፋይሉ ባለበት ይከናወናሉ፤ ነገር ግን የሰርቨሩን ሜሞሪ ይሻማሉ።

ጥንቃቄዎች

ግንኙነት ሲቋረጥ ውጤቱ እንደ ዘዴው ይለያያል። በሰርቨሩ ላይ የተከፈተ ኤዲተር አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ቪም ያልተቀመጠውን ጽሑፍ በጊዜያዊ ፋይል ስለሚይዝ አብዛኛውን መልሶ ማግኘት ይቻላል፤ ቲመክስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ሥራው ሳይዘጋ እንዲቆይ ያደርጋል። በትራምፕ ግን ጽሑፉ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ስላለ፣ ግንኙነቱ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ ኤዲተሩን አለመዝጋት ይበቃል።

ሁለት ሰዎች አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ ካረሙ፣ በኋላ ያስቀመጠው የቀደመውን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። በሥራ ላይ ባለ ድረ ገጽ ደግሞ ስህተቱ ፋይሉ እንደተቀመጠ ለጎብኚዎች ሊታይ ስለሚችል አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ይመከራል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የኤስኤስኤች የራሱ የቅንብር ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ላይ የተሠራ ስህተት አስተዳዳሪውን ራሱን ሰርቨሩ ውስጥ እንዳይገባ ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ በሌላ መስኮት አዲስ ግንኙነት ተከፍቶ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የመጀመሪያው ግንኙነት አይዘጋም።