ቡሬ ቻርተር ቢኖራት? ቆይ፣ መጀመሪያ ታሪኩን

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ጋሼ፣ ቡሬ የራሷ ቻርተር ቢኖራት ምን ይለወጣል?» አለኝ። (የጎጃሟን ቡሬ አይደለም፤ የኛዋን፣ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ስትወርዱ የምታገኟትን።) በስልክ የሰጠሁት መልስ ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ቻርተር ስንል ከተማዋን ማን እንደሚመራ፣ ገንዘብ ከማን እንደምትሰበስብ፣ መሪዎቿም ለማን መልስ እንደሚሰጡ የሚወስን ሕግ ማለታችን ነው። በኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ወረቀት በቅድሚያ የተጻፈው ለቆላዋ ጎረቤታችን ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት የድንበር ውል፣ አንቀጽ 4 ላይ፣ ባሮ ዳር ኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ይላል። ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ሆነ። ቡናው ከጎሬ ተነሥቶ በኛ በቡሬ በኩል ይወርድና፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ብቻ የሚጸና ነበርና፣ በ1948 ሱዳን ነጻ ስትወጣ አበቃለት። ተማሪዎቼ ያስታውሱ ይሆናል፣ ክፍል ውስጥ ሁሌ የምጠይቃችሁ ነገር ነበር፦ ሜትሩና ሄክታሩ በዝርዝር ተጽፏል፤ እዚያ የሚኖረው ሰውስ የት ተጻፈ?

የኛው የራሳችን የከተማ ሕግ ከጣልያን በኋላ መጣ። በ1934 የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ፣ ለሌሎቹ ከተሞች ደግሞ የከተማ ሹም አለ። በ1937 የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ተከተለ። ምክር ቤት ተፈቀደ፤ ከመሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጋር የሚቀመጡት የሕዝብ ተመራጮች ግን በከተማው ቤትና ቦታ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቀረጡም ቢሆን ያለ አገር ግዛት ሚኒስቴር ፈቃድ አይጸናም።

እናቴ በኪራይ ቤት ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ገበያ ስትወጣ የመደብ ትከፍላለች። መምረጥ? እሷ ዘንድ ጭራሽ የማይታሰብ ነገር ነው። «እኛ ተከራይ ነን» ትል ነበር፣ ልክ ከሌላ አገር እንደመጣ ሰው።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 47። ኪራዩ ወረደ፣ እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ቀበሌ ያዘው። የሚገርመው፣ በ1937 ባለቤት ብቻ ነበር የሚመረጠው፤ በ1967 ደግሞ ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሰው ለአንድ ዓመት እንዳይመርጥም እንዳይመረጥም ተከለከለ። ሁለቱም ሕግ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን በር ላይ አስቀረ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ሄዳ እጇን አወጣች። ቶሎ ግን ቀበሌው የመንግሥት ጆሮና ዱላም ሆነ፤ ያን ዘመን የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ቻርተራቸውን ያገኙት ከፌዴራል ፓርላማ ነው (የድሬዳዋ በ1996፣ አዋጅ ቁጥር 416)። ቡሬ ግን ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ ሕጓ የሚወጣው ከጨፌ ኦሮሚያ ነው። ጨፌው ደግሞ በ1995 በአዋጅ ቁጥር 65 የከተሞችን ሕግ አውጥቷል፦ ከተማ የሕግ ሰውነት አለው፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ ይኖሩታል። ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ሥራውን ለሁለት መክፈሉ ነው። ትምህርትና ጤና የመንግሥት ሥራ ናቸው፣ በጀታቸው ከላይ ይመጣል። መንገድ ማንጠፍ፣ ቆሻሻ ማንሣት፣ ቄራ፣ ገበያ ግን የማዘጋጃ ቤት ናቸው፤ ከተማዋ ከራሷ ኪስ ትሸፍናቸዋለች።

ለመቱ ይህ ይሠራ ይሆናል። ለትንሽ ከተማ ግን ከባድ ነው። ቡናው በመኪና ያልፈናል፤ እኛ ጋ የሚቀረው የሱቅና የጉልት ገቢ፣ የቦታ ኪራይና ሊዝ ነው። ቻርተር ሥልጣን ከሰጠን ወጪውንም አብሮ ያሸክመናል፣ ሲጠብም መጀመሪያ የሚነካው ቦታ መሸጥ ነው። ስለዚህ ለልጁ «ጥሩ ነው» ብዬ አልደፍርም፣ «አይረባም» ብዬም አልዋሽም። ረቂቅ ከመጣ መጀመሪያ ገልጬ የማየው የሥልጣኑን ገጽ አይደለም፤ የገቢውን ገጽና ከንቲባውን ማን ያነሣል የሚለውን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። «በቂ» ስንት እንደሆነ የሚጻፈው እነዚያ ሁለት ገጾች ላይ ነው።

ቡሬ፣ ጎሬ፣ መቱ ያላችሁ፦ አያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የድሮ የማዘጋጃ ቤት ደረሰኝ አይጠፋም። ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ ላኩልኝ፣ ስም ሸፍኑት። የእናቴ የመደብ ደረሰኞች ቤት ስንቀይር ጠፍተውብኛል።