«ዋጋው ስንት ነው?» ከባሶ ገበያ እስከ ፕሮፎርማ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እዚሁ ማርቆስ ላለ አንድ ሆቴል ዌብሳይት ልሠራ ነው። ፕሮፎርማ አምጣ ብለውኛል። ስንት ልበል?» እኔም «ስንት ከማለትህ በፊት ባሶ ደርሰን እንምጣ» አልኩት። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ እዚህ ላስቀምጠው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ አቅጣጫ የጁቤ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አካባቢ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ በኩል ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። ሰውም እንደ ዕቃ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘሎ የባሶን ታሪክ ማውራት አይቻልም።

እዚያ ገበያ «ዋጋው ስንት ነው?» ቀላል ጥያቄ አልነበረም። መጀመሪያ ነገር፣ በምን? በአሞሌ ነው በማርትሬዛ ብር? አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ አንድ ብር ትግራይ ላይ የሚመነዝረውን ያህል አሞሌ ጎጃም ላይ አይመነዝርም። የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። ብሩም ቢሆን ዝም ተብሎ አይወሰድም፤ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ የተፋቀው ይመለሳል። ነጋዴው በየኬላው የከፈለውን ቀረጥ ሁሉ አስልቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ መለኪያው፣ ቦታውና ጊዜው አብረው ይጠራሉ።

እኔ ይህን ሳስተምር ኖሬ ራሴ ረሳሁት። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ዌብሳይት እሠራለሁ። ሰኔ 2016 ለአንድ ድርጅት ፕሮፎርማ ሰጠሁ፤ ድካሜን፣ ዶሜይኑን፣ የሁለት ዓመት ሆስቲንጉን ጠቅልዬ በብር አንድ ቁጥር። የጊዜ ገደብ አልጻፍኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ደንበኛዬ ነሐሴ ላይ ደውሎ «ተስማምተናል፣ ጀምር» አለኝ። ሆስቲንጉ የሚከፈለው በዶላር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው፤ ምን እላለሁ? ሠራሁላቸው። ልዩነቱን ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጥኩት ላይ አነሳሁ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም።

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ አልኩት። የእጅህን ዋጋ ለብቻ ጻፍ። ዶሜይንና ሆስቲንግን ለብቻ አድርገህ «በክፍያው ቀን ባለው የባንክ ምንዛሪ» በል። ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ጽሑፍና ፎቶ ማን እንደሚያቀርብ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክል ዘርዝር። እነዚህ የአንተ ኬላዎች ናቸው፤ ካልቆጠርካቸው ከኪስህ ይወጣሉ። ቀብድ መጠየቅ ነውር አይደለም። መጨረሻ ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ይጸናል» ብለህ ፈርም።

«ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ብጽፍ አይሸሹም?» አለኝ። ሊሸሹ ይችላሉ። ግን ዛሬ ሥራው ቢቀርብህ ይሻላል፣ ነገ በኪሳራ ከምትሠራው።

ሆቴሉ መልስ ሲሰጠው እነግራችኋለሁ። እናንተስ ፕሮፎርማ ላይ ምን ረስታችሁ ከሠራችሁ? እስኪ ንገሩን፣ ልጁም ያነበዋል።