ከጠርሙሱ በፊት፦ ዓሣና ቢራ በአሞራ ገደል

አሞራ ገደል ሄዳችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። አባ ኮዳዎቹ ሐይቁ ዳር ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ቆሮሶው ተተልትሎ፣ በዘይት ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ከዚያ «የሚጠጣስ?» ትባላላችሁ፤ መልሳችሁ የአንድ ፋብሪካ ቢራ ስም ነው። «ከጥብሱ ጋር የቱ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም፤ አብዛኞቹ ጠርሙሶች በስም እንጂ በጣዕም ብዙ አይራራቁማ።

በሌላው ዓለም በትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠራ «ክራፍት ቢራ» የሚቀመስበት ምሽት ይዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ምግብ የተለየ ቢራ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል። አዲስ አበባም ቢር ጋርደን ኢን ውስጥ ቀላ ያለውን ብሎንዲና ጠቆር ያለውን ኤቦኒ ያጣጣመ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ብዙዎቻችን ይሄን የፈረንጅ ቅንጦት አድርገን እናየዋለን። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ተቃራኒውን እናገኛለን። ብዙ ዓይነት ጣዕም ለእኛ የቆየ ነገር ነው፤ አዲሱ አንድ ዓይነት ጣዕም ነው።

እስቲ ጠላን እንውሰድ። ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅል ይገባበታል፣ የተቆላው እህል አሻሮ ይሆናል፣ እንኩሮው ይጨመራል፣ ድፍድፉ ይቆያል። እያንዳንዱ እርምጃ ጣዕሙን የሚቀይር መቆጣጠሪያ ነው። አሻሮው ጠቆር ብሎ ከተቆላ መጠጡ የቡና ቆሎ ዓይነት ሽታ ይይዛል። ጋኑ በወይራ ከታጠነ ጭስ ጭስ ይላል። ጌሾው ከበዛ ይመርራል። ለጌሾው ምሬት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት «ጌሾይዲን» የተባለ ውህድ ለይተው አሳይተዋል። ወደ ደቡብ ስንወርድ ደግሞ ቦርዴ አለ። ጌሾ የለውም፤ ወፍራም፣ ኮምጠጥ ያለና ገና እየፈላ የሚጠጣ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ያልቃል። ለብዙዎች መጠጥም ምግብም ነው።

ታዲያ ጠርሙሱ ከየት መጣ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው በ1915 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳ ከተማ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ዘመን ነው። በሌላ አነጋገር የጠርሙስ ቢራ ከከተማዋ በ35 ዓመት ገደማ ይበልጣል። ከተማዋ ስታድግ ቢራው ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ በኋላም ቢጂአይ እዚያው ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ ተከለ።

ዛሬ የምንጠጣው አብዛኛው ቢራ ላገር ነው። በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በዝግታ ይፈላል፣ ይጣራል፣ በየጊዜውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ይህን ዓመቱን ሙሉ በየትኛውም አገር ለመሥራት ያስቻለው ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቢራ ፋብሪካዎች የሠራው ማቀዝቀዣ ነው። እንደ ኢንጂነር ካያችሁት ትልቅ ስኬት ነው፤ ባህር ዳር የጠጣችሁት ሐዋሳም ያው ነው። የከፈልንበት ዋጋ ደግሞ ያው አንድ ዓይነትነቱ ነው።

ዋጋው ሳህኑ ላይ ይታያል። ለተጠበሰ ዓሣ ቀዝቃዛ ላገር ጥሩ ነው፤ ጋዙና ቀለል ያለው ምሬት አፍ ላይ የቀረውን የቅባት ስሜት ያቃልላሉ። ዳጣው ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ 5 በመቶ የሚሆነው አልኮልም ብዙ አይረዳም። የቢራው ጋዝ ደግሞ ምላስ ላይ ወደ ካርቦኒክ አሲድ ተለውጦ ራሱ ይቆጠቁጣል። ቅዝቃዜው ለአፍታ ያስታግሳል፣ ከዚያ ማቃጠሉ ይመለሳል። እዚህ ጋ ወፍራሙና ኮምጠጥ ያለው ቦርዴ ይሻላል ባይ ነኝ። ቆዳው በእሳት ጠቆር ላለ ዓሣ ደግሞ ጥቁር አሻሮ ያለው፣ የወይራ ጭስ የሸተተው ጠላ፤ የተቆላው እህልና የተጠበሰው ቆዳ ጠረናቸው ዘመድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከማጣመር ጋር አታምታቱብኝ። ጥሬ ዓሣ የሚበሉ አንዳንድ ሰዎች «ቢራው ይገድለዋል» ይላሉ። አይገድለውም! በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች ላይ ኮንትራሲከም የተባለ ጥገኛ ትል መኖሩ ተመዝግቧል። ቢራም ሆነ ሎሚ እጩን አይገድልም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ዓሣውን በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ማቆየት ነው።

ወደ ጠላው ልመለስ። የፋብሪካው አሠራር በወረቀት ላይ ስላለ ባለሙያው ቢቀየርም አይጠፋም። የጠላው ግን ያለው በእናቶቻችን እጅና አፍንጫ ውስጥ ነው። «አሻሮው መቼ ይበቃዋል?» ብትሏቸው «ሽታው ይነግርሃል» ይሏችኋል። ያ ሽታ መለኪያ ነው፤ ያልተጻፈ መለኪያ። ጠማቂዋ ሥራውን ስትተው አብሯት ይሄዳል።

ስለዚህ የቅምሻ ምሽት ማዘጋጀት ካማራችሁ ከውጭ ጠርሙስ አትጀምሩ። ሁለት ቤት የተጠመቀ ጠላ፣ ትንሽ ቦርዴና አንድ ላገር በትንንሽ ብርጭቆ ደርድሩ፤ ዓሣውን አንዴ ያለ ዳጣ፣ አንዴ በዳጣ ቅመሱት። ከዚያ ጠላውን የጠመቁትን እናት እህሉ ምን እንደሆነ፣ ጌሾው ስንት ቀን እንደቆየ፣ አሻሮው ምን ያህል እንደተቆላ ጠይቋቸው። የነገሯችሁንም እዚያው ጻፉት።