እቁብ፦ የጀማሪ ነጋዴ መነሻ ገንዘብ

እቁብ አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ እያዋጡ፣ የተሰበሰበውን በዕጣ ለአንድ ሰው የሚሰጡበት ማኅበር ነው። በአዲስ አበባ ገበያ ይበልጥ የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ነው። የጉራጌ ነጋዴዎች ከጉልትና ከሱቅ በደረቴ ወደ መርካቶ ሱቅ የተሸጋገሩት በአብዛኛው በእቁብ ገንዘብ ነው።

ዘመናዊ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአቢሲኒያ ባንክ ቢጀመርም፣ ለብድር የሚያዝ ቤትና ንብረት ይጠይቃል፤ ጀማሪ ደግሞ ያጣው ይህንኑ ነው። እቁብ የሚጠይቀው ዋስ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን መዋጮ እንደማያቋርጥ የሚያረጋግጡ ዋሶች ካልጠራ ብሩን አይረከብም፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ አለመግባባት ሲነሣ ዳኛው ይፈርዳል። ገንዘብ በቶሎ የፈለገ ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ተራውን በክፍያ ይገዛል። ስለዚህ እቁብ ፈጽሞ ወለድ አያውቅም ማለት፣ በብዙዎች ዘንድ ቢባልም፣ ልክ አይደለም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን ሲወርስ እቁብ ሳይነካ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክን ፈቀደ፤ በዓመቱ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖች ተቋቋመ።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይሁንና እዚያ የሚመዘገበው ሒሳቡን ያደራጀ ኩባንያ ነው፤ ገና ሱቅ ያልከፈተ ወጣት እቁብ የሚሰጠውን ዓይነት መነሻ ከዚያ አያገኝም።