አምስት ፊርማ ያለበት ወረቀት

አክስቴ ካረፈች በኋላ ሣጥኗን የከፈትነው የእድር ደብተሯን ፍለጋ ነበር። ከነጠላዋ ሥር አራት ቦታ የተጣጠፈ ባለመስመር ወረቀት ወጣ። የፍቺ ውሳኔ ነው፤ የተጻፈው በ1971 ዓ.ም.። የፍርድ ቤት ማኅተም የለበትም፤ የመዝገብ ቁጥርም የለውም። ግርጌው ላይ አምስት ሰዎች ፈርመዋል፤ ሁለቱ የእሷ ወገን፣ ሁለቱ የባሏ፣ አምስተኛው ሰብሳቢው። አንደኛው መጻፍ ስለማይችል በአውራ ጣቱ ነው የፈረመው።

ለዛሬ ወጣት አንባቢ ግር ሊል ይችላል እንጂ ወረቀቱ ሕጋዊ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ጠብ የመስማት፣ ካልሆነም ጋብቻውን የማፍረስ ሥልጣን የሰጠው ለመደበኛው ፍርድ ቤት ሳይሆን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ከውጭ አገር ሕጎች ብዙ ነገር ቢወስዱም፣ በትዳር ጉዳይ የአገሬውን ልማድ ጨርሰው አልጣሉትም። አያቶቻችን በሰማንያ ሲጋቡ ከየወገኑ የነገር አባት ያቆሙ ነበር፤ ትዳሩ ሲናጋም የሚጠራው ያው ሰው ነው። ሕጉ ለዚህ ልማድ ብዕር አስጨበጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩም የመጣው ከብዕሩ ጋር ይመስለኛል። አስታራቂ የነበረው ሰው ፈራጅ ሆነ። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ፍርድ ቤት ሊሄድ የሚችለው ሽማግሌዎቹ በጉቦ ተደልለዋል፣ ሌላ ሰው አጭበርብሯል፣ ወይም ውሳኔው ከሕግ ውጭ ወይም ፈጽሞ አግባብ የሌለው ነው ብሎ ብቻ ነበር። ሕጉ የፍቺ ምክንያቶችንም ከባድና ሌላ ብሎ ለይቷቸዋል። ዝሙት ከባድ ነው። ቤት ጥሎ አድራሻ አጥፍቶ ሁለት ዓመት መቆየትም ከባድ ነው። ድብደባ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ደግሞ በንብረት ክፍፍል ሊቀጣ ይችል ነበር።

የአክስቴ ባል ይመታት ነበር።

እናቴ እንደነገረችኝ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መልሰዋታል። ጉባኤው የሚቀመጠው በራሷ ሳሎን ስለነበር ቡናውን የምትቆላው እሷው ናት። ስኒ እያቀረበች፣ ስለ ፊቷ ማበጥ እየተጠየቀች፣ «ተይ፣ ለልጆችሽ ስትይ» እየተባለች። በአራተኛው ፈረሰላት። ወረቀቱ እንደሚለው ጠያቂዋ እሷ ስለሆነች ሬዲዮው፣ ቁምሳጥኑና ከተጠራቀመው ገንዘብ የሚበዛው ለባል ሆነ። ለእሷ አልጋው፣ ሁለት ምጣድና የወጥ ቤት ዕቃ ደረሳት።

በሽማግሌዎቹ ላይ ብቻ ብፈርድ ግን ግፍ ይሆንብኛል። ያ በአውራ ጣቱ የፈረመው ሰው፣ የባሏ አጎት ነው፣ ለልጆች የተቆረጠውን ቀለብ በየወሩ ከወንድሙ ልጅ እጅ እየተቀበለ ጉለሌ ድረስ በእግሩ ያመጣላት ነበር። ዓመታት! እንዲህ ያለ አፈጻጸም የትኛው ችሎት አለው? ባልየው ከፍርድ ቤት ሊደበቅ ይችላል፤ ከአጎቱ ግን ወዴት ይደበቃል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ የሽምግልና ሥርዓት ተዘርግቶ ሳለ፣ ባልና ሚስት ተስማምተው መፋታትን የ1952ቱ ሕግ አይፈቅድም ነበር። አምስት ሰው ስለ ሁለት ሰው ሊስማማ ይችላል፤ ሁለቱ ግን አይችሉም።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ ብሎ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ሴትና ወንድ ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የቤተሰቡ ሕግ እንዲለወጥ አጥብቆ ወተወተ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ፤ በቅድሚያ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። አዋጁ ፍቺ የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ አደረገው። ሽማግሌዎች አልተባረሩም። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ፊት እንዲነጋገሩ ይመራቸዋል፤ እርቁ ካልያዘ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃሉ እንጂ አያፋቱም። ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል።

በስምምነት መፋታትም ተፈቀደ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬና ባሏ ውላቸውን ሲጽፉ አብሬ ተቀምጬ ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት፣ የኮንዶሚኒየሙ ቀሪ ዕዳ፣ የበዓል ቀን ልጁ የት እንደሚውል፣ ሁሉን ሦስት ገጽ ላይ አሰፈሩት። ሁለት ጊዜ ተጯጯሁ፤ አንድ ጊዜ ሳቁ። ማስታረቅ የሞከሩት የባሏ ታላቅ እህትም አጠገባቸው ነበሩ፤ በገና ልጁ ከአያቱ ዘንድ ይዋል የሚለውን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ካነጋገረ በኋላ ስምምነቱን አጸደቀው።

የአክስቴን ወረቀት ትልቋ ልጇ ወስዳዋለች። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ የወራት ዝርዝር አለ፤ ቀለብ በደረሰበት ወር ትይዩ አክስቴ ምልክት አድርጋለች። ሳይደርስ የቀረው የ1975 ዓ.ም. ሁለት ወር ብቻ ነው። ያኔ ሽማግሌው ታመው ተኝተው ነበር አሉ።